ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ከመቀየርዎ በፊት ምን እንደገደለው ይወቁ

«ቼክ ኢንጂን በራብኝ። ጋራዥ ስወስደው ካታሊቲኩ (የሞተሩን ጢስ የሚያጸዳው ዕቃ) ሞቷል፣ ወይ ይቀየር ወይ ሆዱ ይውጣ፣ ማለትም ውስጡ ወጥቶ ባዶ ጣሳ ይሁን አሉኝ። ምን ላድርግ?»

ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይደርሰኛል። አንዱ ቪትዝ ይዟል፣ ሌላው ኮሮላ፣ ሌላዋ ያሪስ። መልሴ ግን አንድ ነው። ትንሽ ይታገሡ። ካታሊቲክ ኮንቨርተር በራሱ ጊዜ የሚሞተው ከስንት አንዴ ነው። ብዙውን ጊዜ ከሞተሩ በኩል የመጣ ሌላ ችግር ነው የሚገድለው። ገዳዩ ሳይገኝ አዲስ ቢገባ፣ አዲሱም የአሮጌውን ዕጣ ያገኛል። በራሴ መኪና አይቼዋለሁ። ዘይት የሚበላ ሞተር ላይ አዲስ አስገጠምኩ፤ ዓመት ሳይሞላው መብራቱ ተመልሶ በራ። ያንን ገንዘብ እርስዎ እንዳያወጡ ነው ይህን የምጽፈው።

መመሪያው ለቤንዚን መኪና ነው። ናፍጣ ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ ሥራውን እንረዳ

ይህን ክፍል አይዝለሉት። ከታች ያሉት ምርመራዎች ለምን እንደሚደረጉ የሚገባዎት ከዚህ ነው።

ከሞተር በሚወጣው ጢስ ውስጥ ሦስት ጎጂ ነገሮች አሉ። አንደኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቤት ዘግተው ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ሁለተኛው ሳይቃጠል ያመለጠ ቤንዚን ነው። ሦስተኛው የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ናቸው።

ካታሊቲኩ ማርሚታ የሚመስል የብረት ጣሳ ነው። ውስጡ ግን እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ሴራሚክ አለ። ጢሱ በእነዚያ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ያልፋል። ግድግዳቸው ላይ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በጣም በስሱ ተቀብተዋል። ፕላቲኒየምና ፓላዲየም ካርቦን ሞኖክሳይዱንና ያልተቃጠለውን ቤንዚን ከኦክስጅን ጋር አገናኝተው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ወደ ውኃ እንፋሎት ይለውጣሉ። ሮዲየም ደግሞ የናይትሮጅን ኦክሳይዱን ፈትቶ ተራ ናይትሮጅን ያደርገዋል። ብረቶቹ ራሳቸው በሥራው አያልቁም። «አለቀ» የሚባለው ለዚህ ነው የማይዋጥልኝ። ካታሊቲክ አያልቅም። ይቀልጣል፣ ይመረዛል ወይም ይሰበራል።

ለመሥራት ሁለት ነገር ይፈልጋል። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ሥራ የሚጀምረው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። ሁለተኛው ትክክለኛ ድብልቅ ነው፤ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር። ይህን ልክ የሚጠብቀው ከካታሊቲኩ በፊት ያለው፣ በጢሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ሴንሰር ነው።

ከካታሊቲኩ በኋላ ያለው ኦክስጅን ሴንሰር ሥራው ሌላ ነው፤ ካታሊቲኩን መሰለል። ጤነኛ ካታሊቲክ ውስጥ ኦክስጅን የሚያጠራቅም ሴሪየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ማጠራቀሚያው ደህና ከሆነ የኋላው ሴንሰር የተረጋጋ ቁጥር ያሳያል። ማጠራቀሚያው ሲዳከም ቁጥሩ ይዋልላል፣ ኮምፒዩተሩም ፒ0420 የሚለውን ኮድ ይመዘግባል። ልብ ይበሉ፤ ኮምፒዩተሩ ጢሱን አልለካም። ከሴንሰሩ ተነሥቶ ገመተ እንጂ። ግምት ደግሞ ሊሳሳት ይችላል።

የሚገድሉት ነገሮች

ዋናው ገዳይ ያልተቃጠለ ቤንዚን ነው። አንድ ካንዴላ ወይም ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ሲደክም የዚያ ሲሊንደር ቤንዚን ሳይቃጠል ወደ ካታሊቲኩ ይሄዳል። እዚያ ውስጥ ይቃጠላል። ሙቀቱ ከ1000 ዲግሪ በላይ ሲወጣ የብረቶቹ ቅብ ይበላሻል፤ ከዚያም አልፎ ሲሄድ ሴራሚኩ ራሱ ቀልጦ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም ሲል የሚነግርዎት ይህንኑ ነው። ባትሪ የሞተበትን መኪና ደጋግሞ በመግፋት ማስነሳት፣ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን፣ ቤንዚን እስኪያልቅ መንዳት፣ ሁሉም ወደዚያው ይወስዳሉ።

ሁለተኛው መርዝ ነው። የሞተር ዘይት ውስጥ ፎስፈረስና ዚንክ አሉ። ሞተሩ ዘይት ሲበላ እነሱ ቅቡን ይሸፍኑታል። ከተቃጠለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ሾልኮ የሚገባ ኩላንትም (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እንዲሁ። ለሴንሰር የማይስማማ ሲሊኮን ማጣበቂያ የተጠቀመ መካኒክም ሳያውቅ ይመርዘዋል።

ሦስተኛው ስብራት ነው። ሴራሚኩ ተሰባሪ ነው። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሆዱን የሚመታ መኪና፣ ወይም በጣም ግሎ እያለ ጎርፍ ውስጥ የገባ መኪና፣ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ብሉቱዝ ያለው ትንሽ የኦቢዲ ማንበቢያ (የመኪናውን ኮምፒዩተር ኮዶች የሚያነብ)፣ ስልክ ላይ ከሚጫን አፕ ጋር
- የካንዴላ ቁልፍ
- የጎማ መዶሻ
- ክሪክና ሁለት ጠንካራ መደገፊያ እግሮች
- ወፍራም ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ የእጅ ባትሪ
- እርጥብ ወፍራም ጨርቅ
- ቫኪዩም ጌጅ (የሞተሩን አየር መሳብ የሚለካ) ከነቱቦው (መዋስ ይበቃል)
- ካገኙ ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር
- ደብተርና እስክሪብቶ

ከሁሉም የሚጠቅመው የኦቢዲ ማንበቢያው ነው። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ አንዳንድ የቆዩ መኪኖች ግን ከርካሽ ማንበቢያ ጋር አይግባቡም። ከመግዛትዎ በፊት የሚያውቁትን ሰው ዕቃ ተውሰው ይሞክሩ።

ማስጠንቀቂያ

ሲነዳ የቆየ ካታሊቲክ እጅ ያቃጥላል። ከስሩ ከመግባትዎ በፊት ቢያንስ 1 ሰዓት ያቀዝቅዙት።

በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር በፍጹም አይግቡ። ክሪክ ለማንሳት ነው፤ ለመደገፍ አይደለም። ሜዳው ጠፍጣፋ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ይደገፉ።

ሞተር አስነሥተው የሚያዩትን ሁሉ ደጅ ላይ ይሥሩት። በር የተከፈተ ጋራዥ አይበቃም።

ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ላይ አያቁሙ። በአውድማ ዙሪያ፣ በመኸር ወቅት በተለይ። ከላይ የማይታይ ግለት ከሥር እሳት ያስነሣል።

አሠራሩ

1. ምልክቱን ይጻፉ።

ኮድ ከማንበብዎ በፊት መኪናው ምን እንዳደረገ ይመዝግቡ። መብራቱ ዝም ብሎ በራ ወይስ ብልጭ ድርግም አለ? ዳገት ላይ ጉልበት አነሰው? ከማርሚታው የተበላሸ እንቁላል ይሸታል? ሽታው የሚመጣው ቤንዚን ውስጥ ካለ ድኝ ነው፤ ብዙ ጊዜ ድብልቁ ቤንዚን እንደበዛበት ይጠቁማል። ጉልበት ማጣት ካለ መደፈንን ይጠርጥሩ። ጉልበቱ ደህና ሆኖ መብራቱ ብቻ ከበራ ግን አልተደፈነም፤ ያለዎት ጊዜ ብዙ ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ መንዳቱን ያቁሙና በቀጥታ ወደ ደረጃ 3 ይሂዱ።

2. ኮዶቹን በሙሉ ያንብቡ፤ አያጥፉ።

ማንበቢያው የሚሰካው መሪው ሥር፣ ከጉልበትዎ በላይ ባለው ሶኬት ነው። ፒ0420 ብቻውን ነው ወይስ ጓደኛ አለው? ከፒ0300 እስከ ፒ0304 ያሉት የሲሊንደር አለመቃጠልን ያመለክታሉ። ፒ0171 አየር በዝቷል ነው፣ ፒ0172 ቤንዚን በዝቷል ነው። ሁሉንም ፎቶ ያንሱ። ብዙዎቻችን መብራቱ እንዲጠፋ ስለምንፈልግ ኮዱን እንሰርዛለን። ሲሰረዝ ግን ኮምፒዩተሩ ችግሩ በተፈጠረበት ቅጽበት የያዘው መረጃ አብሮ ይጠፋል። የሞተሩ ሙቀት፣ ፍጥነቱ፣ ዙሩ። ያ መረጃ ወርቅ ነው።

3. ካንዴላዎቹን አውጥተው ያንብቡ።

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። አንድ በአንድ እያወጡ በቅደም ተከተላቸው ይደርድሯቸው፤ የትኛው ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ ካልታወቀ ድካሙ ከንቱ ነው። ጤነኛው ቀላ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት የያዘው ቤንዚን በዝቶበታል። እርጥብና ቅባት ያለው ጥቁር፣ ዘይት እየገባ ነው። ከሌሎቹ በተለየ ሁኔታ ታጥቦ የጸዳ አንድ ካለ ኩላንት ይጠረጠራል።

አንድ ሲሊንደር አልቃጠል ብሎ ከሆነ ኮይሉን ከጎረቤት ሲሊንደር ጋር ይለዋውጡ። ኮዱ ኮይሉን ተከትሎ ከሄደ፣ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። ይህ አንድ ብር አያስወጣም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። ሞተሩ እየሠራ ኮይል እየነቀሉ «ይሄኛው ነው» ማለት የብዙ መካኒኮች ልማድ ነው። ኮይሉ በተነቀለ ቁጥር ያ ሲሊንደር ጥሬ ቤንዚን ወደ ካታሊቲኩ ይልካል። በትሕትና ይጠይቋቸው፤ ከኮይሉ ይልቅ ቤንዚን የሚረጨውን የኢንጀክተሩን ሶኬት ይንቀሉ። ያን ጊዜ ቤንዚኑም ይቆማል።

4. ዘይትና ኩላንት ይለኩ።

ዘይቱን በመለኪያ ዘንጉ ያዩና መስመሩን ይመዝግቡ። 1000 ኪሎ ሜትር ነድተው እንደገና ይለኩ። ለምን ይህን ያህል ትዕግሥት? ዘይት የሚበላ ሞተር ሁልጊዜ ሰማያዊ ጢስ አያወጣም። ካታሊቲኩ ራሱ የጢሱን የተወሰነ ክፍል ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ በዓይን አይታይም።

ዘይቱ ከቀነሰ ሞተር ይውረድ ከማለትዎ በፊት ፒሲቪ የሚባለውን ትንሽ ቫልቭ ያሳዩ። እሱ ሲበላሽ ዘይት ወደ አየር መግቢያው ይሳባል። ዋጋው ከሞተር ሥራ ጋር አይወዳደርም። እሱ ደህና ከሆነ የፒስተን ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎሚኒ ነው ቀጣዩ ተጠርጣሪ።

ኩላንት ደግሞ ውጭ ሳያንጠባጥብ የሚቀንስ ከሆነ፣ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጢስ ካላቆመና ጢሱ ጣፋጭ ሽታ ካለው፣ ቴስታታው ይታይ። ካታሊቲኩ ሁለተኛ ጉዳይ ነው።

5. የጢስ ማፈትለክን ይፈልጉ።

ይህን ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ይሥሩ። ብረቱ ሲግል ስለሚሰፋ ትንሽ ስንጥቅ ይዘጋል፣ ከዚያ አያገኙትም። አንድ ሰው ሞተሩን ያስነሣ። ሌላው የማርሚታውን ጫፍ በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ሴኮንዶች ይያዝ። ጭስስ የሚል ወይም ትክ ትክ የሚል ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ያዳምጡ። መገጣጠሚያዎቹ ላይ የጥላሸት ምልክት ካለም ይህ የማፈትለክ አሻራ ነው።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ጢስ በግፊትና በፋታ ነው የሚሄደው። በፋታው ጊዜ ስንጥቁ ከውጭ አየር ይስባል። ያ አየር ሴንሰሩን «ኦክስጅን በዝቷል» ያሰኘዋል። ጤነኛ ካታሊቲክ በአንድ የተበላ ጓርኒሲዮን ምክንያት ሞቷል ሲባል አይቻለሁ።

6. የሁለቱን ሴንሰሮች ንባብ ያወዳድሩ።

ሞተሩን በደንብ ያሙቁ። 15 ደቂቃ ያህል ይንዱት፤ ቆሞ ማሞቅ አይበቃም። ከዚያ በደቂቃ 2500 በሆነ የሞተር ዙር ለ2 ወይም 3 ደቂቃ ይያዙት። በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) ሲሠራ ካታሊቲኩ ሊቀዘቅዝና ጤነኛው ራሱ በሽተኛ ሊመስል ስለሚችል ነው።

አሁን አፑ ላይ የኋላውን ሴንሰር ይክፈቱ። ከ0.6 እስከ 0.8 ቮልት አካባቢ ረጋ ካለ ካታሊቲኩ እየሠራ ነው። ከ0.1 እስከ 0.9 ቶሎ ቶሎ የሚዘል ከሆነ ኦክስጅን ማጠራቀሙን አቁሟል። በብዙ መኪኖች የፊተኛው ሴንሰር እንዲህ መዝለሉ ጤንነቱ ነው፤ ስለዚህ የኋላው ፊተኛውን ሲመስል ነው መጨነቅ ያለብዎ። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ግን ፊት ያለው የአየርና ቤንዚን ሴንሰር የሚባለው ዓይነት ነው፤ እንዲያ አይዘልም። ያ ከሆነ የኋላውን ብቻ ይመልከቱ።

እግረ መንገድዎን ፊውል ትሪም የሚለውንም ይዩ፤ ኮምፒዩተሩ በቤንዚኑ መጠን ላይ የሚያደርገው ማስተካከያ ነው። የአጭር ጊዜውና የረጅም ጊዜው ተደምረው ከ+10 በመቶ በላይ ወይም ከ-10 በመቶ በታች ከሆኑ ድብልቁ ትክክል አይደለም። እሱ ሳይስተካከል ካታሊቲክ አይቀየርም።

7. መታ መታ ያድርጉ።

ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ። ከሥር ገብተው ጣሳውን በጎማ መዶሻ ቀስ አድርገው ይምቱ። ድፍን ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። ውስጡ ጠጠር እንዳለ ጣሳ ከተንኮሻኮሸ ሴራሚኩ ተሰብሯል። ይህ ፈተና ክርክር የለውም። መጀመሪያ ግን የሙቀት መከላከያው ቆርቆሮ አለመላላቱን በእጅዎ ያረጋግጡ፤ እሱም ይንኮሻኮሻል።

8. መደፈኑን ይፈትሹ።

ጉልበት ለጠፋበት መኪና ነው። ቫኪዩም ጌጁን ከአየር መግቢያው ማኒፎልድ ላይ ካለ ቱቦ ጋር ያገናኙ። በሚኒሞ ያለውን ቁጥር ይጻፉ።

ይህን ቁጥር በተመለከተ የእኛ አገር ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። መጻሕፍቱ ከ17 እስከ 21 ኢንች (ጌጁ የሚለካበት የሜርኩሪ ኢንች) ይላሉ። ያ በባሕር ወለል ነው። ከፍታው በየ300 ሜትሩ ሲጨምር ንባቡ 1 ኢንች ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ እዚህ 7 ኢንች ገደማ ዝቅ ማለቱ የተፈጥሮ ነው፤ ከ10 እስከ 14 ቢያሳይ አይደንግጡ። ድሬዳዋ ያለ ሰው ሌላ ቁጥር ያያል።

ቁጥሩን ሳይሆን ጉዞውን ይከታተሉ። ዙሩን ወደ 2500 ከፍ አድርገው ይያዙ። መርፌው መጀመሪያ ወርዶ ይመለሳል። ተመልሶ ከረጋ መንገዱ ክፍት ነው። ተመልሶ ከዚያ ቀስ በቀስ መውረድ ከጀመረ ጢሱ መውጫ አጥቶ ወደ ኋላ እየተጠራቀመ ነው።

የግፊት ጌጅ ያለው ጋራዥ ካገኙ ደግሞ የበለጠ ነው። የፊተኛውን ሴንሰር አውጥተው በቦታው ይገጥሙታል። በሚኒሞ ከ1.5 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)፣ በ2500 ዙር ከ3 ፒኤስአይ መብለጥ የለበትም።

9. ሙቀቱን ይለኩ፤ ግን ብቻውን አይመኑት።

ከነዱ በኋላ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የመግቢያውንና የመውጫውን ቧንቧ በኢንፍራሬድ ይለኩ። የሚሠራ ካታሊቲክ ውስጡ ቃጠሎ ስላለ መውጫው ብዙ ጊዜ እኩል ወይም የበለጠ ይሞቃል። በአዳዲስ ንጹሕ ሞተሮች ላይ የሚቃጠል ነገር ትንሽ ስለሆነ ልዩነቱ ላይታይ ይችላል። መውጫው በጣም ቀዝቅዞ ሌሎቹም ምርመራዎች ከተስማሙ ብቻ ይቁጠሩት።

10. ይወስኑ።

ከደረጃ 3 እስከ 5 የተገኘውን ይጠግኑ፣ ኮዱን አሁን ያጥፉ፣ ጥቂት ቀናት ይንዱ። ኮዱ ካልተመለሰ ጨረሱ። ከተመለሰና ደረጃ 6 ከመሰከረ፣ ወይም ደረጃ 7 ወይም 8 ስብራትና መደፈን ካሳየ፣ አሁን መቀየር ተገቢ ነው።

ሲያስገጥሙ ጣሳው ላይ ያለው ቀስት ወደ ማርሚታው ጫፍ ይዙር። አሮጌ ጓርኒሲዮን አይመለስ። ሲበየድ የባትሪው ገመድ ይነቀል፤ ሴንሰሮቹ ቀድመው ይውጡ። የሴንሰሩ ጫፍ ላይ ቅባት አይነካ። ርካሹ ካታሊቲክ ውስጥ ያለው የብረት ቅብ ስስ ነው፤ መብራቱ ቶሎ ቢመለስ አይግረምዎ። ከታወቀ መኪና የወጣ ኦሪጅናል ያገለገለ፣ ደረጃ 7ን ካለፈ፣ እኔ እመርጠዋለሁ።

ዘወትር የማያቸው ስሕተቶች

ሆዱን ማስወጣት። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። መብራቱ አይጠፋም፤ የኋላው ሴንሰር ባዶ ጣሳ ነው የሚያየው። ካርቦን ሞኖክሳይዱና ያልተቃጠለው ቤንዚን በቀጥታ ይወጣሉ፣ ከኋላዎ ታክሲ የሚጠብቅ ልጅ ይተነፍሰዋል። ከዚያም ገዳዩ ችግር ሞተሩ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ደግሞም የሚወጣው ሴራሚክ ውድ ብረት የያዘ ዕቃ ነው፤ ሳይነግሩዎት የሚያስወጡት አይጠፉም። ለሌላ ሥራ ጋራዥ ያስገቡት መኪና ሲመለስ ድምፁ ከተለወጠ ከሥሩ አዲስ ብየዳ መኖሩን ያረጋግጡ።

የኋላውን ሴንሰር ብቻ መቀየር። ፒ0420 ሲመጣ ብዙ ሰው ከዚህ ይጀምራል። ሴንሰሩ ከተበላሸ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ኮድ አለው።

የማጽጃ ፈሳሽ ጋን ውስጥ መጨመር። ጥላሸት ሊቀንስ ይችላል። የቀለጠ ሴራሚክ ግን አይመልስም፣ በዘይት የተመረዘንም አያድንም።

ሲሊኮን በብዛት መቀባት። መካኒክዎ ለሴንሰር የማይጎዳውን ዓይነት እንዲጠቀም ቱቦውን አሳዩኝ ይበሉ።

አሜሪካ ላላችሁ

ከዚያ ለሚጽፉልኝ ደግሞ ሁለት ነገር ልበል። ካታሊቲክ ኮንቨርተር በፌዴራል ሕግ የ8 ዓመት ወይም የ80,000 ማይል ዋስትና አለው፤ የቱ ቢቀድም። መኪናዎ ከዚህ በታች ከሆነ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሻጩን ይጠይቁ። ማስወጣት እዚያ ሕገወጥ ነው። ካሊፎርኒያ ከሆኑ ደግሞ የሚገባው ዕቃ በክፍለ ግዛቱ የጸደቀ መሆን አለበት። ፕሪየስ የምትነዱ፣ ሌቦች የሚመርጡት መኪና ስለሆነ ከሥሩ የብረት መከላከያ ማስገጠሙ ዋጋ አለው።

ከቀየሩ በኋላ

ኮዱን አጥፍተው ከተማ ውስጥም፣ ቀለበት መንገድ ላይ በተረጋጋ ፍጥነትም ይንዱ። ኮምፒዩተሩ ካታሊቲኩን የሚፈትነው እንዲህ ሲነዳ ነው። አፑ ላይ «ካታሊስት» የሚለው ፈተና መጠናቀቁን ይዩ። ሳይጠናቀቅ መብራቱ ጠፋ ብለው አይደሰቱ። ከዚያ 1000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ የዘይቱን ዘንግ አውጥተው በደረጃ 4 ከጻፉት ቁጥር ጋር ያስተያዩ።